የቂጥኝ መንገድ፦ ከታሊን እስከ ሞስኮ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ታሊን

ማታ ከስቶክሆልም የተነሣችው መርከብ ረፋዱ ላይ ታሊን ወደብ ደረሰች። ጊዜው መስከረም 2018 ነው፤ በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የምኖረው ስዊድን ነው፤ የምሠራውም በአንድ የአባላዘር በሽታዎች ክሊኒክ ውስጥ በነርስነት። ከሥራዬ ትልቁ ድርሻ ሰው ፍለጋ ነው። ቂጥኝ ወይም ጨብጥ የተገኘበት ሰው ከማን ጋር እንደነበረ ይነግረኛል፤ እኔም እነዚያን ሰዎች አፈላልጌ ለምርመራ እጠራቸዋለሁ። ማን እንደጠቆማቸው ግን አልናገርም። ስዊድን በ1918 ባወጣችው ሕግ ሕክምናውን ለሁሉም ነጻ፣ መታከሙንም ግዴታ አድርጋለች። ይህ ሕግ መልኩን እየቀየረ እስከ ዛሬ አለ።

ወደ ምሥራቅ እንድጓዝ ያነሣሣኝ አንድ ቁጥር ነው። በ1990 ሩሲያ ውስጥ በዓመት ቂጥኝ የሚመዘገብባቸው ሰዎች ከ100,000 ነዋሪ 5 ገደማ ነበሩ። በ1997 ግን 277 ደረሱ። በሰባት ዓመት ውስጥ ከሃምሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዩክሬን፣ ቤላሩስ፣ ሞልዶቫና ካዛክስታንም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ መከራ አይተዋል። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች የተረፈ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያውም ፔኒሲሊን ርካሽ በሆነበት፣ ሐኪም በሞላበት፣ ለአባላዘር በሽታ ብቻ የተቋቋመ የጤና ተቋም በየከተማው በነበረበት አገር! የሶቪየት መንግሥት ሰው የመፈለግ ሥራን ከእኛ በላይ አጥብቆ ይሠራ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ መዋቅር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዴት ፈረሰ? ይህን ከሠሩበት ሰዎች አፍ መስማት ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ስለ ታሊን ብዙ የምጽፈው የለኝም። አሮጌው ከተማ ያምራል፤ ጎብኚም ሞልቶታል። ጡረታ የወጡ አንዲት የማህፀን ሐኪም ሻይ ጋብዘውኝ ስለ 1990ዎቹ አጫወቱኝ። ኢስቶኒያ ነሐሴ 1991 ነጻነቷን አወጀች፤ በ1992 ሩብሉን ትታ የራሷን ገንዘብ አወጣች። በዚያው ሰሞን በጀልባ እየመጡ ቅዳሜና እሑድን ከሴቶች ጋር አሳልፈው የሚመለሱ የፊንላንድ ወንዶች ወደቡን ሞሉት። «ሴቶቹ ከእነማን መሃል የመጡ ይመስልሻል?» አሉኝ። «ነርሶች ነበሩ፣ መምህራን ነበሩ፣ ፋብሪካ የተዘጋባቸው ነበሩ። እኔ የማውቃት አንዲት አዋላጅ ነበረች።» ከዚያ በላይ ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ እኔም አልጎተጎትኳቸውም።

እሑድ፣ ናርቫ

ከታሊን ወደ ናርቫ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ናርቫ የኢስቶኒያ መጨረሻ ናት። ወንዙን ተሻግሮ ያለው የኢቫንጎሮድ ምሽግ የሩሲያ ነው፤ እሱና የናርቫ ግንብ ለዘመናት ተፋጠው ኖረዋል። ከነዋሪው ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል አፉን የፈታው በሩሲያኛ ነው። ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ የየትኛውም አገር ዜጋ ሳይሆኑ የቀሩ፣ ግራጫ ፓስፖርት የያዙ ሰዎችም እዚህ በርካታ ናቸው።

በወንዙ ዳር ክሬንሆልም የሚባል ግዙፍ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። በ1857 ተመሠረተ፤ በደጉ ዘመን ከአሥር ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። ከ1991 በኋላ ገበያው ሁሉ በድንበሩ ማዶ ቀረ። በየጊዜው ሠራተኛ እየቀነሰ ቆይቶ በ2010 ከሰረ። አሁን መስኮቶቹ ተሰባብረው ቀይ ጡቡ ብቻ ቆሟል። የኢስቶኒያን የኤችአይቪ ቁጥር ከዚህ ሕንፃ ለይቶ ማንበብ አይቻልም። በ1999 አገሪቱ በሙሉ የመዘገበችው 9 አዲስ ሰው ነበር። በ2000 ቁጥሩ 390 ሆነ፤ በ2001 ደግሞ 1,474። የአገሩ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ብቻ እንደነበር ልብ በሉ። ወረርሽኙ የፈነዳው እዚሁ ናርቫና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች፣ ሄሮይን በደም ሥራቸው በሚወስዱ ወጣቶች መካከል ነው። ከእናቶቻቸውና ከአባቶቻቸው ብዙዎቹ የክሬንሆልም ሠራተኞች ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቀድሞ የሄሮይን ሱሰኛ የነበረ፣ አሁን መርፌ በመለወጥ አገልግሎት የሚሠራ ሰው የሥራ ቦታውን አሳየኝ። የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፕላስቲክ የሆነ ቢጫ ባልዲ አለ፤ ክዳኑ ላይ መርፌ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው። የሚመጣው ሰው ያገለገለውን እየቆጠረ ይጨምራል፤ በምትኩ አዲስ መርፌ፣ የአልኮል ጥጥና ኮንዶም ይወስዳል። ስም አይጠየቅም። የእናት ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደልና የትውልድ ዓመት ተቀላቅለው መለያ ይሆናሉ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት መጥታ መርፌዎቿን ቆጥራ ጣለች፤ ስትወጣም «የደም ምርመራዬን መቼ ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። «አሁን» አላት። ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ በሥራዬ አንድን ሰው ለዚህ ወንበር ለማብቃት አንዳንዴ ወር ይፈጅብኛል።

ማምሻውን ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ከኢቫንጎሮድ በአውቶቡስ ሴንት ፒተርስበርግ ስገባ ሌሊት ሆኖ ነበር።

ሰኞ፣ ሴንት ፒተርስበርግ

የዛሬው ቀን ከሁሉም ይበልጥብኛል። በስቶክሆልም ባሉ ወዳጆቼ በኩል ያገኘኋቸው ኢትዮጵያዊ የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ሐኪም ቤታቸው ተቀበሉኝ። በ1982 ለትምህርት ወደዚህ ከተማ፣ ያኔ ሌኒንግራድ ትባል ነበር፣ የተላኩ ናቸው፤ ሩሲያዊት አግብተው፣ ልጆች ወልደው እዚሁ ቀሩ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። እንጀራ ባክሆት በሚባል እህል ዱቄት ይጋገራል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ጋገሩት፣ ምስር ወጥም ሠርተውበት በላን።

ከምሳ በኋላ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አንዲት የብረት ሳጥን አወረዱ። ክዳኗ ሲከፈት ሁለት የመስታወት ሲሪንጆች፣ አራት ወፋፍራም መርፌዎችና አንዲት መቆንጠጫ ተኝተውባታል። የመርፌዎቹ ጫፍ ደጋግሞ ከመሳል የተነሣ አጥሯል። እናቴ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ እንደዚህ ያለ ሳጥን ምድጃ ላይ ሲፈላ አይቻለሁ። «በዚህች ነበር የምንወጋው» አሉ ጋሼ።

የቂጥኝ ሕክምና በሶቪየት ዘመን እንዲህ ነበር። ሰው ምርመራው ከተረጋገጠ ሆስፒታል ይተኛል፤ ቤቴ ሆኜ ልታከም ማለት የለም። የሚሰጠው በውኃ የሚሟሟ ፔኒሲሊን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ በየሦስት ሰዓቱ ይወጋል፤ ቀንም ሌሊትም። የቂጥኝ ተሕዋስ የሚራባው እጅግ በዝግታ ስለሆነ መድኃኒቱ ለብዙ ቀን ሳይቋረጥ በደም ውስጥ መቆየት አለበት። በቀን ስምንት መርፌ፣ ለሁለት ሳምንት፤ በሽታው የቆየ ከሆነ ደግሞ እስከ አራት ሳምንት። «ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሰውን ቀስቅሼ መቀመጫው ላይ ያልተወጋ ቦታ ስፈልግ አስቢ» አሉኝ። ቀስ ብሎ የሚሟሟው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ግን ለጀማሪ ቂጥኝ አንዴ ተወግቶ ለሳምንታት ይሠራል። ዓለም ሁሉ በዚያ ሲያክም እነሱ ሰውን አስተኝተው ያቆዩ ነበር። ማስተኛቱ ለመድኃኒቱ ብቻ ተብሎ አልነበረም። ታማሚው ከኅብረተሰቡ እንዲለይ፣ አልጋው ላይ እያለም አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም እንዲያወጣ ነው።

የስሙ ዝርዝር ወደ ዲስፓንሰሩ ይሄዳል። ዲስፓንሰር የሚባለው በየወረዳው የነበረ የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ተቋም ነው፤ ሰው ሁሉ በሦስት ፊደል ምሕጻር ካቬዴ ይለዋል። ስማቸው የተጠራውን ሰዎች ነርሶች ከቤታቸውና ከሥራ ቦታቸው ይፈልጓቸዋል፤ አልመጣ ያለውን ፖሊስ ያመጣዋል። በሽታ ማስተላለፍ በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ምግብ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ፀጉር ቤት የሚሠራ ሁሉ የጤና ደብተር አለው፤ በየጊዜው ይመረመራል። ሆስፒታል በማንኛውም ምክንያት የገባ ሰው ደሙ ለቂጥኝ ይታያል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን እኛ አገር» አሉ ጋሼ። «እዚህ የገለጠውም መከራውን ነበር የሚያየው።»

ነገር ግን ይሠራ እንደነበር አልካዱም። እኔም ልክድ አልችልም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የነበረው የቂጥኝ ቁጥር ዝቅተኛ ነው። ያንን ሁሉ ያቆመው ፍርሃት ነበር፣ ፍርሃቱንም የሚያስከብር መንግሥት ነበር። ጥር 1992 ዋጋ ከቁጥጥር ሲለቀቅ የሐኪም ደመወዝ ዳቦ መግዣ ሆነ፤ እሱም ለወራት አይከፈልም። ቤት ለቤት የሚዞሩት ነርሶች የአውቶቡስ ገንዘብ አጡ። ፖሊስ ሌላ ጣጣ መጣበት። ከሁሉ በላይ ሰው የመንግሥትን ደብዳቤ መፍራት ተወ። ዲስፓንሰሩን ወድዶ የሚሄድበት ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

በዚህ ላይ ሕይወት ተገለበጠ። ሥራ ጠፋ፤ ወንዱ ለንግድ ወደ ቱርክና ፖላንድ ተመላለሰ፤ ሴቶች ራሳቸውን ሸጡ። ስለ ወሲብ ጤና ሰውን ያስተማረ ማንም አልነበረም። በሶቪየት ዘመን የወሊድ መቆጣጠሪያው በዋናነት ፅንስ ማቋረጥ ነበር፤ በሞስኮ አቅራቢያ ባኮቭካ ይሠራ የነበረው ኮንዶም «ምርት ቁጥር 2» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ወፍራምና የሚሸት ስለነበር ሰው ይሸሸዋል። በ1996 በትምህርት ቤቶች የተጀመረ የሥነ ወሲብ ትምህርት ሙከራ ተቃውሞ በርትቶበት በ1997 ቆመ። ቂጥኙ ጣሪያ የነካው በዚያው ዓመት ነው።

ጋሼ ለእኔ ሙያ የሚሆን ሌላ ነገር ነገሩኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። በሩሲያ መዝገብ ጨብጥ በ1993 ከ100,000 ሰው 230 ገደማ ደርሶ ከዚያ ወዲህ መውረድ ጀመረ። ቂጥኝ በዚያው ጊዜ እየናረ ነው። ሁለቱም የሚተላለፉት በአንድ መንገድ ነው፤ አንዱ ሲበዛ ሌላው እንዴት ይቀንሳል? የጨብጥ ምልክት ወንድን ወዲያው ያስጨንቀዋል፤ ከመንገድ ዳር ኪዮስክ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ይውጣል፣ ወይም በየመብራት ምሰሶው ላይ «ያለ ስም፣ በአንድ ቀን» ብሎ ማስታወቂያ ለለጠፈው ሐኪም ከፍሎ ይታከማል። መዝገብ ላይ አይገባም። የዋጣት ክኒን በውስጡ ያለውን ቂጥኝ ግን ምልክቱን ታጠፋለታለች እንጂ አትፈውሰውም። ቂጥኝ በደም ምርመራ ስለሚታወቅ በኋላ ሆስፒታል ሲገባ ወይም ሚስቱ ስታረግዝ ይገኝበታል። የወረደው የጨብጥ ቁጥር ከወጣው የቂጥኝ ቁጥር ይልቅ አስፈሪ ነበር፤ ሰዎች ምን ያህል እንደሸሹ የሚያሳየው እሱ ነው። በዚያ የተነሣ ቂጥኝ ይዘው የተወለዱትን ሕፃናት ጋሼ ሲያነሡ ድምፃቸው ተለወጠ።

ስለ ኤችአይቪ የጠየቅኳቸው መጨረሻ ላይ ነው። በጥቅምት 1985 አንድ ታዋቂ የሶቪየት ጋዜጣ በሽታውን የሠራችው አሜሪካ ናት ብሎ ጻፈ፤ ዛሬ እንደሚታወቀው የስለላ ድርጅቱ የነዛው ሐሰት ነበር። «ጋዜጣው ጣቱን ወደ አሜሪካ ይቀስራል፤ በትራም ውስጥ ግን ከአጠገባችን የሚነሡት ከእኛ ነበር» አሉ። ነሐሴ 1987 የወጣው ድንጋጌ የውጭ አገር ሰዎችን በግዴታ መመርመርን ፈቀደ፤ አልመረመርም ያለ ይባረራል። በሽታውን በሌላ ላይ ያስተላለፈ እስከ 8 ዓመት ይታሰራል። ከአፍሪካ የመጡ ተማሪዎች በተርታ ደም ሰጡ። የተገኘበት ወደ አገሩ ይሸኛል። ከጋሼ በላይ ባለው ፎቅ ይኖር የነበረ ልጅ ፈተና ሊቀመጥ ሳምንት ሲቀረው ሄደ፤ የአናቶሚ መጽሐፉን አበድሯቸው ነበር፤ የሚመልሱበት አድራሻ አልነበረም።

«እኛ ስንፈተሽ ቫይረሱ የነበረው የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው» አሉ ጋሼ። በ1988 መጨረሻ በደቡብ ሩሲያ ባለችው በካልሚኪያ ዋና ከተማ በኤሊስታ ከ70 በላይ ሕፃናት በሆስፒታል ውስጥ መያዛቸው ታወቀ፤ የኤችአይቪ ተመራማሪው ቫዲም ፖክሮቭስኪ የመራው ምርመራ ምክንያቱ በአግባቡ ሳይጸዱ የሚደጋገሙ መርፌዎች መሆናቸውን አሳየ። ወደ ቮልጎግራድና ሮስቶቭ ሆስፒታሎችም ተዛመተ። ጋሼ ሳጥኗን ክዳኗን ገጥመው ወደ መደርደሪያው መለሷት።

ማክሰኞ፣ ሴንት ፒተርስበርግ

ጋሼ ከከተማው ዲስፓንሰሮች ወደ አንዱ ይዘውኝ ሄዱ። በሩ ላይ ሳንቲም የሚበላ ማሽን አለ፤ ሰማያዊ የላስቲክ የጫማ ሽፋን ይሸጣል። ያንን ያላጠለቀ አይገባም። ከምዝገባው መስኮት አጠገብ የዋጋ ዝርዝር ተለጥፏል። ፓስፖርትና የመድን ወረቀት ያመጣ በነጻ ይታከማል፤ ስሙን መናገር ያልፈለገ ይከፍላል። ደሀው በስሙ ይታከም፣ ምስጢር ለባለ ገንዘብ ይሁን ማለት ነው። ይህ አሠራር አናደደኝ። ነገር ግን 1990ዎቹን ላሳለፈ ሰው ይህ ራሱ ትልቅ ለውጥ እንደሆነ ጋሼ አስረዱኝ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በተመላላሽ ሕክምና መሰጠት ከጀመረ፣ ያለ ስም መታከምም ከተፈቀደ በኋላ ቁጥሩ ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ ወርዷል። አሁን ከ100,000 ሰው ከ25 በታች ነው።

አንዲት ወጣት ሐኪም ዛሬ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ለዓመታት ተደብቆ የቆየ ቂጥኝ መሆኑን ነገረችን። በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ለዓይን ወይም ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ሲመጡ ደማቸው ውስጥ ይገኛል። በ1994 ወይም 1995 ከኪዮስክ ክኒን ገዝተው የዋጡት እነሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ነርቫቸው ተነክቷል።

ማታ ላይ በከተማው ዳርቻ የሚቆም የእርዳታ አውቶቡስ አየሁ፤ እንዲህ ያለው አገልግሎት እዚህ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። መርፌ ይለውጣል፣ ደም ይመረምራል። በናርቫ ያየሁት ሁሉ አለ፤ ለሱሰኞች በሄሮይን ምትክ የሚሰጠው ሜታዶን ብቻ የለም። በወንዙ ወዲያ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት በወንዙ ወዲህ ወንጀል ነው። ሩሲያ በ2014 ክራይሚያን ስትጠቀልል በዩክሬን ሥር ይህን ሕክምና ይወስዱ የነበሩ 800 ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ ተቋረጠባቸው። በ2016 መጀመሪያ ላይ የሩሲያ የኤችአይቪ ምዝገባ አንድ ሚሊዮን ደርሷል።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ወደ ሞስኮ የሚሄደውን ባቡር ተሳፈርኩ። ጋሼ ለመንገድ ብለው ቆሎ አሲዘውኛል።

ረቡዕ፣ ሞስኮ

ጠዋት ሶኮልኒኪ አካባቢ ወደሚገኘው ኮሮሌንኮ ጎዳና ሄድኩ። በ1921 በሐኪሙ በቮልፍ ብሮነር መሪነት የተመሠረተው የመንግሥት የአባላዘር በሽታዎች ተቋም እዚህ ነው። በ1920ዎቹ ዲስፓንሰር ሲታሰብ ነጻ ሕክምናና ማስተማሪያ ቦታ እንዲሆን ነበር፤ ከጀርመን ድረስ ሐኪሞች ሊያዩት ይመጡ ነበር። በ1928 ከጀርመኖች ጋር ሆነው በሳይቤሪያ ወዳለው የቡሪያት ምድር የቂጥኝ ጥናት ጉዞ አድርገዋል። ሐሳቡ ከእኛው ከስዊድኖቹ የራቀ አልነበረም። ፖሊሱ የተጨመረበት ቆይቶ ነው። ውስጡን ለማየት ፈቃድ ስላልነበረኝ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ በሞስኮ ሕክምና የሚማር የጋሼ የወንድም ልጅ እያስተረጎመልኝ ሳካሮቮ ሄድን። ከከተማው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ2015 ጀምሮ ሞስኮ ውስጥ መሥራት የሚፈልግ የታጂኪስታን ወይም የኡዝቤኪስታን ሰው የሥራ ፈቃዱን ለማውጣት እዚህ ይመጣል፤ ፓተንት ይሉታል። ደሙ ለኤችአይቪና ለቂጥኝ፣ ሳንባው ለነቀርሳ ይታያል። ቂጥኝ ቢገኝ ታክሞ መመለስ ይቻላል። ኤችአይቪ የተገኘበት፣ ሩሲያ ውስጥ የቅርብ ቤተሰብ ከሌለው በቀር፣ አገር ለቅቆ እንዲወጣ ይታዘዛል።

ከበሩ ውጭ በሳምቡሳ ሻጯ ዙሪያ ወንዶች ተሰብስበዋል። ከታጂኪስታን የመጣ የሠላሳ ዓመት ገደማ ግንበኛ አነጋገረን። የእሱ ውጤት ደህና ነው፤ ወረቀቱን አጣጥፎ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞታል። ሌላ ሰው አያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ትንሽ ዞር ብሎ ከተመለከተ በኋላ አብሮት ስለሚያድር ሰው ነገረን። ሰውየው ወደ ሳካሮቮ ከመምጣቱ በፊት በግል ላቦራቶሪ ያለ ስም ተመረመረ፤ ተገኘበት። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ለማውጣት አልሞከረም፤ ጠቅልሎ ወደ አገሩም አልተመለሰም፤ ያለ ወረቀት ይሠራል።

«ሚስት አለችው?» አልኩት።

«አለችው፤ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ይሄዳል።»

«ነግሯታል?»

«አላውቅም።»

«መድኃኒትስ?»

በታጂኪስታን ዋና ከተማ በዱሻንቤ በነጻ እንደሚሰጥ፣ አንድ ዘመዱ በሰው እንደሚልክለት ነገረን። መንገደኛ ሲገኝ ይደርሰዋል። ካልተገኘ፣ ያለችውን እየቆጠረ አንድ ቀን ይውጣል፣ አንድ ቀን ይተዋል። እንዲህ ሲደረግ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንደሚለምድ፣ በኋላ ቢወስደውም እንደማይሠራለት ለግንበኛው አስረዳሁት፤ ለጓደኛውም እንዲነግርልኝ ለመንኩት። በሞስኮ ለስደተኞች ስም ሳይጠይቁ የሚረዱ ሰዎች እንዳሉ ጋሼ ነግረውኝ ስለነበር፣ የጋሼ የወንድም ልጅ ስልካቸውን በፓተንቱ ወረቀት ጀርባ ላይ ሊጽፍለት ብዕር አወጣ። ግንበኛው ከለከለው፤ ያ ወረቀት ፖሊስ እጅ ይገባል። ቁጥሩን በቃሉ ያዘ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ አሰማን፣ ሳምቡሳውንም ገዝቶ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።